እንደዚህ ያለው አለ? መድኃኒት ስለተላመደ ጨብጥ በወጣቶች ማዕከል የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን ዋላችሁ? ፈጣሪ ይመስገን። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ርዕሱ ስለሚያሳፍር በሩ ጋ መቆም የተሻለ መስሏችሁ ከሆነ ይገባኛል። ግን ኑ። ኑ ተቀመጡ።

ትናንት ኅዳር ሲታጠን ነበር። ጭሱ እስካሁን ልብሳችን ላይ አለ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሲገባ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው አለቀ። አያቶቻችን ቫይረስ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ግን በሽታ የአንድ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ስለዚህ እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ሲመጣ ሁሉም ቆሻሻውን ከየደጁ አውጥቶ ያቃጥላል። ጎረቤት ከጎረቤት አይተፋፈርም።

እኔ ዛሬ የማወራው ማንም ደጅ ስለማያወጣው በሽታ ነው። ጨብጥ። ቃሉን ጮክ ብዬ የምጠራው ሆን ብዬ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ መጥራት ካፈርን ጤና ጣቢያ ሄደን እንዴት እንጠራዋለን?

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ከ20 ዓመት በላይ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ መድኃኒት ሰጥቻለሁ። ይህ ሳምንት በዓለም ዙሪያ ጀርሞች መድኃኒትን ስለመላመዳቸው የሚወራበት ሳምንት ነው። አዘጋጆቹ «ስለ የትኛው ጀርም ትናገሪልናለሽ?» ሲሉኝ አላመነታሁም። ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ይህ ጀርም መድኃኒቶቻችንን አንድ በአንድ እንዴት እንደጨረሰ። ሁለተኛ፣ እኛ እንዴት እንዳገዝነው። እኛ ስል እኔም አለሁበት። ሦስተኛ፣ ዛሬ አንድ ሰው ቢታመም ምን ያድርግ።

ወደ አንደኛው ልግባ።

ጨብጥን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። አልበርት ናይሰር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1879 በማይክሮስኮፕ አየው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ባክቴሪያ ነው ካልን፣ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ላይ በመሽናት አይመጣም። በጨረቃ በመሽናት አይመጣም። ብርድም አይደለም። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ከእናትም በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃን ይተላለፋል። እናቶቼ፣ ጤና ጣቢያ ስትወልዱ የልጃችሁ ዓይን ላይ ቅባት ሲቀባ አይታችኋል አይደል? ያ የቴትራሳይክሊን ቅባት ነው። አንዱ ምክንያቱ ይኸው ጨብጥ ነው፤ የሕፃን ዓይን ያጠፋል።

ይህ ጀርም ከሌሎች የሚለይበት ነገር አለ። ቶሎ ይማራል። ታሪኩን ልንገራችሁ።

በ1930ዎቹ የሰልፋ መድኃኒቶች መጡ። ሰው ዳነ ተባለ፤ ደስታ ሆነ። አሥር ዓመት ሳይሞላ ጀርሙ ተላመደ። በ1943 ፔኒሲሊን ለጨብጥ ሥራ ላይ ዋለ። እንደ ተአምር ነበር። በመጀመሪያ በጥቂት መቶ ሺህ ዩኒት ይድን የነበረ ሰው፣ በ1970ዎቹ 4.8 ሚሊዮን ዩኒት በሁለቱም መቀመጫው ተከፋፍሎ መወጋት ጀመረ። መጠኑ ሲጨምር ጀርሙም አብሮ ጨመረ። በ1976 ደግሞ ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም ይዞ አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲያ ፔኒሲሊንን ምንም ያህል ብትጨምሩለት ግድ የለውም። ተላመደ።

ቴትራሳይክሊን ቀረበ፤ ተላመደ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ቀረበ። ሲፕሮን የማያውቅ አለ? የለም። አንድ ክኒን ውጦ መዳን፣ መርፌ የለ፣ ሕመም የለ። እሱንም ተላመደ። አሜሪካኖች በ2007 ሲፕሮን ለጨብጥ አትስጡ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 መመሪያው ከዝርዝሩ አወጣው። ሴፊክሲም የሚባለው የሚዋጥ መድኃኒትም መድከም ሲጀምር፣ አሜሪካኖች በ2012 ከመጀመሪያ ምርጫነት አነሱት።

አሁን ማን ቀረ? ሴፍትሪያክሶን። ሁላችሁም የምታውቁት መርፌ ነው። በየአገሩ የመጀመሪያ ምርጫው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ 250 ሚሊግራም ይሰጥ የነበረው በ2020 መጨረሻ 500 ሆነ። እንግሊዝ አንድ ሙሉ ግራም ታዛለች። መጠኑ እየጨመረ ነው። ፔኒሲሊንም የጀመረው እንዲሁ ነበር።

ተላምዶስ ያውቃል ወይ ትሉኛላችሁ። ያውቃል። በ2009 ጃፓን፣ ኪዮቶ ከተማ፣ ከአንዲት ሴት ጉሮሮ በተወሰደ ናሙና ሴፍትሪያክሶንን በከፍተኛ ደረጃ የሚቋቋም ጨብጥ ተገኘ። በ2018 አንድ እንግሊዛዊ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ይዞት ተመለሰ። ሴፍትሪያክሶን አልሠራም፤ ጀርሙ አዚትሮማይሲን የሚባለውን ሌላ መድኃኒትም ይቋቋም ነበር። በመጨረሻ ኤርታፔነም የሚባል መድኃኒት በደም ሥሩ ለሦስት ቀን ተሰጥቶት ዳነ። ለጽኑ ሕመምተኛ የሚቀመጥ መድኃኒት እኮ ነው! ለጨብጥ። እዚህ ቢሆን ከየት እናመጣለን?

የዓለም ጤና ድርጅት በቅርቡ ያወጣውን አንድ ቁጥር ልጨምር። ክትትል በሚያደርጉ አገሮች ሴፍትሪያክሶንን የሚቋቋመው ጨብጥ በ2022 ከመቶ 0.8 ነበር። በ2024 ከመቶ 5 ሆኗል። ሁለት ዓመት ነው ልዩነቱ። በድርጅቱ ግምት በ2020 ብቻ 82 ሚሊዮን ሰው አዲስ በጨብጥ ተይዟል። እንግዲህ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስቡት።

«ቂጥኝስ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣብኛል። ቂጥኝ ከ80 ዓመት በኋላም በፔኒሲሊን ይሞታል። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ዛሬም ያድነዋል። ስለዚህ የጀርሙ ጠባይ ይወስናል ማለት ነው። የጨብጥ ጠባይ ደግሞ ከጎረቤት መቅዳት ነው። ይህችን ነጥብ ትንሽ ላብራራት፤ ብዙ ሰው ስለማያውቃት።

ጨብጥ ጉሮሮ ውስጥም ይቀመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። እዚያ ጉሮሮ ውስጥ ደግሞ ዘመዶቹ አሉ። ምንም የማይጎዱን፣ ከልጅነታችን ጀምሮ አብረውን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነዚህ ዘመዶቹ እኛ በየክረምቱ ለጉንፋን የምንውጠውን አሞክሳሲሊን ሁሉ ቀምሰዋል። አዚትሮማይሲኑንም ቀምሰዋል። የተቋቋሙት ቀርተዋል። ጨብጥ ሲመጣ ከእነሱ የዘር ቅንጣት ይወስዳል። ወስዶ የራሱ ያደርገዋል። ሴፊክሲምንና ሴፍትሪያክሶንን መቋቋም ከተማረበት መንገድ ዋናው ይኼ ነው።

እስቲ አስቡት። ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን አይነካውም። እኛ ግን ለጉንፋን እንውጠዋለን። ጨብጥ ይዞት የማያውቅ ሰው፣ በትዳሩ ተከብሮ የሚኖር ሰው፣ ለጉንፋኑ በዋጠው ክኒን ለዚህ ጀርም ትምህርት ቤት ይከፍታል። ስለዚህ «ይህ የእነ እከሌ በሽታ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» የሚል ሰው ካለ፣ ይመለከተዋል።

አሁን ሁለተኛው ነጥብ። እኛ እንዴት አገዝነው? ከራሴ ልጀምር።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት በጅቡቲ መስመር ላይ ባለች አንዲት ከተማ እሠራ ነበር። ከባድ መኪኖች የሚያድሩባት ከተማ ናት። ማታ ማታ ሾፌሮችና ረዳቶች ይመጣሉ። አንድ ማታ አንድ ወጣት ሾፌር ገባ። ፓራሲታሞል ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። አልሄደም። አንዲት እናት ለልጇ ኦ አር ኤስ ስትገዛ ቆሞ መደርደሪያውን ያያል። ሌላ ሰው ገባ፤ አሁንም ቆሞ የጥርስ ሳሙና ያገላብጣል። ሁሉም ሲወጡ ቀረበ። ከደረት ኪሱ ባዶ ስትሪፕ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ፊቴን አያይም።

«እህቴ፣ እንደዚህ ያለው አለ?»

ስትሪፑ በመቀስ የተቆረጠ ነው። የመድኃኒቱ ስም ከመሃሉ ተበጥሷል። የሚነበበው «ፍሎክሳሲን» የሚለው ብቻ ነው። ማብቂያ ቀኑ ሌላው ግማሽ ላይ ቀርቷል። ከእኔ በፊት ሌላ ባለሙያ፣ ሌላ ከተማ ውስጥ፣ እንዲሁ ቆርጦ ሰጥቶታል ማለት ነው።

«ስንት ልስጥህ?»

«አምስት ፍሬ።»

ለምንህ ነው አላልኩትም። ማዘዣ አለህ ወይ አላልኩትም። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ እኮ! ፊቱን አይቼ አውቄዋለሁ። መጠየቅ እሱን ማሳፈር መሰለኝ። ወጣት ሴት ነኝ፤ እኔም አፍሬአለሁ። መቀሱን አንስቼ አምስት ፍሬ ቆረጥኩ። በትንሽ ፖስታ አድርጌ ሰጠሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። «ጥሩ መድኃኒት ነበር፣ ግን ተመለሰብኝ» አለኝ። አሥር ፍሬ ሰጠሁት። ከዚያ ደግሞ መጣ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም፤ ሌላ መድኃኒት ቤት ሄዶ ይሆናል።

ምን ነበር የሆነው? ጨብጥ ሳይታከምም ምልክቱ በጊዜ እየቀነሰ ሊጠፋ ይችላል። ሰውየው ክኒኑ ያዳነው ይመስለዋል። ጀርሙ ግን ውስጥ ነው። ክኒኑ ደካማዎቹን ገድሎ ጠንካሮቹን ትቶለታል። ጠንካሮቹን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሚስት ነበረችው። አውቃታለሁ፤ ትንሽ ከተማ ነው፣ ቡና እንጠራራ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ቡና ላይ «ልጅ እምቢ አለኝ» አለችኝ። ታች ሆዷን ሲያማት ኖሯል። ወር አበባ ነው እያለች ችላዋለች። ትልቅ ሆስፒታል ስትሄድ የማኅፀን ቱቦሽ ተዘግቷል አሏት። የባሏ ዘመዶች መካን ይሏታል። ጠበል ተመላልሳለች። እያለቀሰች «ምን በድዬ ይሆን?» አለችኝ።

እኔ ዝም አልኩ። የደንበኛ ምስጢር ነው፤ ልናገር አልችልም። ደግሞም የእሷ ሕመም ከእሱ መምጣቱን ያረጋገጠ ምርመራ የለም። ግን ጨብጥ በብዙ ሴቶች ላይ ምልክት ሳያሳይ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ቱቦ እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ሲኒዬን ይዤ ወለሉን አየሁ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። እዚህ ቆሜ የምናገረው በእሱ ምክንያት ነው።

ያን ቀን ማታ «ወንድሜ፣ ይኼ ክኒን አያድንህም፤ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ባለቤትህም ትታከም» ብለው ምን ይሆን ነበር? ሁለት ደቂቃ ነው። ሁለት ደቂቃ አፍሬ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። እኔ ባንኮኒ ላይ ያየሁት ሌላ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት ይገኝለታል። የማይሆነው መድኃኒት ይገኝለታል። በመቀስ ተቆርጦ፣ ስሙ ተበጥሶ፣ በጓደኛ ምክር፣ ማታ ማታ ይገኝለታል። ጀርሙ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው።

እዚህ የተቀመጣችሁ የሙያ ባልደረቦቼ አላችሁ፤ አይቻችኋለሁ። እለምናችኋለሁ። ደንበኛ እንዳይሄድብን ብለን አንቁረጥ። አሠሪዎቻችንም ሽያጭ ሲቀንስ ይቆጣሉ፤ አውቃለሁ፣ አልፌበታለሁ። ግን ወደ ጎን ጠርቶ ማናገር ይቻላል። አንድ ጥግ፣ አንድ መጋረጃ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ይበቃል። አላሳፈርነውም ማለት ችላ አልነው ማለት መሆን የለበትም።

ሦስተኛው ነጥብ። አንድ ሰው ቢታመም ምን ያድርግ? ወንዶች፣ ሽንት ሲያቃጥል፣ ከብልት መግል የመሰለ ፈሳሽ ሲወጣ፣ ብዙውን ጊዜ ከግንኙነት በኋላ በሳምንት ውስጥ ነው የሚታየው። ሴቶች፣ ያልተለመደ ፈሳሽ፣ የታች ሆድ ሕመም፣ ከወር አበባ ውጭ ደም ካያችሁ። ምንም ባታዩም ባለቤታችሁ ወይም ጓደኛችሁ ከታከመ። ጤና ጣቢያ ሂዱ። በዚያው ቀን ሂዱ።

እዚያ ምን ይደረግላችኋል? አብዛኛው ጤና ጣቢያ የጨብጥን ጀርም አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያይበት ላቦራቶሪ የለውም። ስለዚህ በምልክቱ ይታከማል። ጨብጥና ክላሚዲያ የሚባል ሌላ የአባላዘር በሽታ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚመጡ ለሁለቱም ይሰጣል። ለጨብጥ መርፌው አንድ ጊዜ ነው፤ ባለሙያ ፊት። ለክላሚዲያ የሚዋጥ ይሰጣችኋል። ለሰባት ቀን ከተባላችሁ ሰባት ቀን ነው፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ተሻለኝ ተብሎ አይቆምም። እርጉዝ የሆናችሁ እህቶች አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ የሚሰጣችሁ ይለያል። ኤችአይቪና ቂጥኝም ተመርመሩ፤ ጨብጥ የያዘው ሰው ኤችአይቪ ቶሎ ይይዘዋል፣ ቶሎም ያስተላልፋል።

መርፌ የሚፈራ አለ አውቃለሁ። «ክኒን የለውም ወይ?» ይሉኛል። ዛሬ በእጃችን ካለው መርፌው ነው የሚያድነው። አንዴ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ያልፋል።

ከታከማችሁ በኋላ ለሰባት ቀን ግንኙነት የለም። ይህንን ደግሜ ልበለው። ሰባት ቀን፣ እሷም እሱም ታክመው። አንዱ ታክሞ ሌላው ካልታከመ ያው እንደገና መያዝ ነው። ባለፉት ሁለት ወራት ግንኙነት የነበራችሁን ሰው ሁሉ ንገሩ።

ንገሩ ማለት ቀላል አይደለም። አንድ ልጅ «እንዴት ብዬ ነው የምነግራት?» ሲለኝ አብረን ተለማመድን። «ታምሜ ታከምኩ። የሚተላለፍ ነው። አንቺም መታከም አለብሽ፣ ምልክት ባይኖርሽም። አብሬሽ እሄዳለሁ።» አራት ዓረፍተ ነገር ነች። እሱ «አብሬሽ እሄዳለሁ» የምትለዋ ላይ ድምፁ ተያዘ። ግን ተናገራት፤ አብረው ሄዱ። እሷ አንድም ምልክት አልነበራትም።

ታክማችሁ በጥቂት ቀን ውስጥ ካልተሻላችሁ፣ በራሳችሁ ሌላ ክኒን እንዳትጨምሩ። ተመልሳችሁ እዚያው ሂዱ። ያኔ ነው ናሙና ተወስዶ ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን አሳድጎ ማየት፣ ወደሚሠራበት ትልቅ ላቦራቶሪ መላክ ያለበት። የእናንተ ያልዳነ በሽታ ለአገሪቱ መረጃ ነው። እናንተ ዝም ካላችሁ የተላመደው ጀርም መኖሩን ማንም አያውቅም።

ተስፋስ የለም ወይ? አለ። ዞሊፍሎዳሲን የሚባል አዲስ የሚዋጥ መድኃኒት አለ። በአምስት አገሮች፣ ደቡብ አፍሪካን ጨምሮ፣ 930 ሰዎች በተካፈሉበት ሙከራ ከመቶ 90 በላይ የሚሆኑትን አድኗል። ጄፖቲዳሲን የሚባል ሌላም አለ። እንግሊዝ ደግሞ በ2025 ነሐሴ አካባቢ ለማጅራት ገትር የተሠራን አንድ ክትባት ለጨብጥ መከላከያ መስጠት ጀምራለች፤ በይበልጥ ለሚጋለጡ ሰዎች። ሦስት እጅ ቢባል አንዱን እጅ ያህል ይከላከላል። ኮንዶም ከዚያ የተሻለ ይከላከላል፤ እሱ ደግሞ ዛሬም እጃችን ላይ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ እነዚህ አዲስ መድኃኒቶች እዚህ ሲደርሱ ነው። የሚዋጡ ናቸው። አንዱ በውኃ በሚበጠበጥ ዱቄት፣ ሌላው በክኒን ይመጣል። ከሲፕሮ አጠገብ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። ማታ አንድ ልጅ ይመጣል፤ ባዶ ስትሪፕ ያስቀምጣል፤ «እንደዚህ ያለው አለ?» ይላል። ያን ጊዜ ባንኮኒ ኋላ የቆመችው ልጅ ምን ትመልስለታለች? ምናልባት አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ተራው የእናንተ ነው። እጅ ማውጣት የምትፈልጉ አውጡ። የማትፈልጉ፣ ወንበራችሁ ላይ ብጣሽ ወረቀት ተቀምጦላችኋል። ጻፉና በሩ ጎን ካለው ካርቶን ውስጥ ክተቱ። ስም አትጻፉ። ሻይ እየጠጣችሁ አንድ በአንድ አንብቤ እመልሳለሁ። ከሁሉ ፊት መስማት የማይፈልግ ደግሞ እስከ 12 ሰዓት ከኋላ ባለችው ትንሽ ክፍል እጠብቀዋለሁ፤ በሩ ይዘጋል።